የአዞዋ ፍሬን

መኪና ያለው ሰው ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ «ስንት ትሄዳለች?»። በሰዓት ማለታችን ነው። ባለመኪናውም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ስለሆነ መልሱን ወዲያው ይሰጠናል፤ ትንሽም ይጨምርበታል። «ለመቆምስ ስንት ሜትር ይበቃታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እናንተን አጋጥሟችሁ ከሆነ ሰውዬው ወይ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው ወይ አንድ ጊዜ ተገጭቶ ያውቃል።

ፈጣን መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ፍጥነቷ በቃኝ አይልም። ካርቡሬተሯን በትልቅ ያስለውጣል፤ ድምፅዋ እንዲጎላ ማርሚታዋን ያስቆርጣል፤ ሞላዋን አሳጥሮ ሆዷን ወደ መሬት ያወርዳል። ለእሽቅድምድም ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ። የእሽቅድምድም መኪና አንድ ቀን ተነድታ ሳምንቱን ጋራዥ ውስጥ ብትተኛ የሚከፋው የለም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን በየቀኑ ሥራ ለሚሄድባት መኪና ነው። የሥራ መኪና ሰኞም ማክሰኞም ባለቤቷን ይዛ ወጥታ ማታ ይዛው መግባት አለባት። እኔ ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና ያለኝ ምክር አጭር ነው። መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ከዚያ ራዲያተር፣ ከዚያ ሞላ። ሞተሩን የምትነኩት ሌላው ሁሉ አልቆ ገንዘብ ከተረፋችሁ ነው። ገንዘብ ደግሞ አይተርፋችሁም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይድናል።

ይህን ምክር ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ። ሙሉ በሙሉ የተቀበለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጋምቤላ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ለዜና ሥራ ጋምቤላ ተመድቤ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ጀርባ ካለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋትሉዋክ ጎረቤቴ ነው። ኑዌር ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ ሥራው የጤና ረዳትነት። በየጠዋቱ ከሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ የክትባት መድኃኒት ተቀብሎ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጎ፣ ኢታንግ ክሊኒክ ያደርሳል። ኢታንግ በዚያን ጊዜ ከሱዳን የመጣው ስደተኛና ያገሬው ሰው ተደባልቆ የሚኖርበት፣ የሚከተብ ሕፃን የማያልቅበት ቦታ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መለዋወጫ ትጠብቃለች። መለዋወጫው መርከብ ላይ ነው ይባላል። የትኛው ባሕር ላይ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ለጋትሉዋክ የቤንዚን ኩፖን ይሰጠዋል፤ እሱ በገዛ መኪናው ይሠራል።

መኪናዋን ነው እንግዲህ ማየት የነበረባችሁ። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ የጣሊያን ስሪት፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው። አስፋልት ላይ ለመብረር የተሠራች መሆኗን ቆማ ሳለች እንኳ ታስታውቃለች። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ አውሮፕላን ላይ ሊጭናት ስለማይችል ለጋትሉዋክ ሸጠለት። ጋትሉዋክም ላሞች ሸጦ ገዛት። ወንድሞቹ ላም የሚበላ ብረት አመጣ ብለው አንድ ክረምት ሙሉ አኮረፉት። የከተማው ሰው ደግሞ ሆዷን አይቶ «አዞዋ» አላት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ጋትሉዋክን ያሳሰበው የወንድሞቹ ኩርፊያ አይደለም። በረዶው ነው። የጋምቤላን ፀሐይ የማያውቅ ሰው በረዶ ሲቀልጥ ያየ ይመስለዋል። እዚያ በረዶ አይቀልጥም፤ ይጠፋል። የኢታንግ ክሊኒክ ኃላፊ ሲስተር አስናቀች ሳጥኑን በየጠዋቱ ራሳቸው ነው የሚከፍቱት። አንድ ጠዋት ከፍተው ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ብልቃጦች አገኙና ቀና ብለው አዩት።

«ጋትሉዋክ፣ እኔ በረዶ አምጣ አልኩህ ወይስ ሾርባ?»

«መንገዱ ነው፣ ሲስተር።»

«መንገዱን አልቀጠርኩም። የቀጠርኩት አንተን ነው። ከእንግዲህ ውኃ ይዘህ ብትመጣ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው እሰጥና አንተን ጎግ እመድብሃለሁ።»

ጎግ ከአቦቦ ወደ ደቡብ ነው። ክፉ አገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆንና መንገዱ ይዘጋል። የጋትሉዋክ ሚስት ኛሉዋክ ደግሞ ጋምቤላ ከተማ አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያ ልጃቸውንም አርግዛ ነበር። ነገሩን ሲነግራት እኔም እዚያው ነበርኩ። ደብተር ማረሟን ሳታቋርጥ፣ «አንተ ጎግ ስትሄድ እኔ ከአዞ ጋር ልወልድ ነው?» አለችው። 

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የሐጂ ሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጋምቤላ ጨውና ሸማ ሲሸጡ ፀጉራቸው ሸብቷል። ማስትሮ ግርማይ ደግሞ የከተማው መካኒክ ነው፤ ሙያውን አሥመራ ነው የተማረው። አሥመራንም በየአረፍተ ነገሩ ያነሳታል።

«ካርቡሬተሯን በትልቅ ለውጥላት፤» አሉ ሐጂ። «ጅማ ያለው የእህቴ ልጅ አስለውጦ እንደ ወፍ ነው የሚበረው።»

«የት ነው የሚበረው፣ ሐጂ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ካስለወጠ ወዲህ አላየሁትም።»

ማስትሮ ግርማይ ራሱን ነቀነቀ። «ጉልበት ሞልቷታል። የሚያስፈልጋት ዝቅ ማለት ነው። አሥመራ ሳለን ሞላውን ቆርጠን ዝቅ እናደርጋቸው ነበር። ዝቅ ያለች መኪና ኩርባ ላይ ከመሬት ጋር ትጣበቃለች።»

«ከዚህ እስከ ኢታንግ ኩርባ የት አለ?» አለ ጋትሉዋክ። «ጉድጓድ ነው ያለው።»

«ጉድጓድ እንግዲህ እኛ አልተማርንም፤» አለ ማስትሮ።

እኔ ምክሬን አቀረብኩ። ነገሩ ሂሳብ ነው። ትልቅ ካርቡሬተር ብዙ ቤንዚን ይጠጣል፤ ቤንዚን ደግሞ በኩፖን ነው፤ ወሩ ሳይጋመስ ኩፖኑ ያልቅና ጋትሉዋክ የቀረውን ወር በረዶውን ተሸክሞ በእግሩ ይሄዳል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የተጨመረ ጉልበት የሚጠቅመው ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ቶሎ ለመድረስ ብቻ ነው። ፍሬኗ የሚታመን ከሆነ ግን ነጂው እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ በፍጥነት ሄዶ እዚያ ይቀንሳል፤ በድሮው ፍሬን ገና ከሩቅ መቀነስ ነበረበት። ስለዚህ ጥሩ ፍሬን ያለው ሰው ቶሎ ይደርሳል። ይህን ስናገር ሐጂ ሰይድ እንደ እብድ አዩኝ። «ለመፍጠን ፍሬን?» አሉ። ጋትሉዋክ ግን እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እሺ፣ ጋሼ፤» አለ።

ሥራው አንድ በአንድ ተሠራ። ሰፊዎቹ ጎማዎች ወጥተው ጠበብ ያሉ፣ ጥርሳቸው ጥልቅ የሆነ ጎማዎች ገቡ፤ ሰፊ ጎማ የሚያምረው ፎቶ ላይ ነው፣ ጭቃ ላይ ግን ይንሸራተታል። ማስትሮ ከአንዲት ከሞተች ትልቅ መኪና ራዲያተር ፈትቶ፣ እየቆረጠና እየበየደ ገጠመላት። የመኪናዋ እህት የሆነች፣ ዕቃ ለመጫን የተሠራች አንዲት አሮጌ መኪና ጎሬ ቆማ ስለነበር የኋላ ሞላዎቿን አስመጣን። በእነሱም አዞዋ አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ከፍ አለች። ከሞተሩ ሥር ድንጋይ እንዳይመታው ከበርሜል የተቆረጠ ወፍራም ቆርቆሮ ታሠረላት። የቀረው ፍሬኑ ነበር፤ እሱ ከመቱ ከተማ በጭነት መኪና እስኪመጣ ተጠበቀ።

አዞዋ አሁን አትሞቅም፣ አታነጥርም፣ ጭቃ ላይ አትዋልልም። ጋትሉዋክ ደስ አለው። ሲስተር አስናቀች ሳጥኑን ሲከፍቱ ግን ያው ውኃ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ሰዓቴን አስሬ አብሬው ለመሄድ የወሰንኩት። መኪናዋን የሞከርናት ባዶዋን፣ ከአየር ማረፊያው በኩል ባለው ሜዳ ላይ ነበር። የኢታንግን መንገድ በጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ አብሮት የሄደ ሰው የለም። ማለቴ፣ ሰዓት ይዞ አብሮት የሄደ ሰው የለም። ሳይዝ አብሮት የማይሄድ ሰው እንደሌለ የገባኝ ከከተማ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ነው።

መጀመሪያ የቆመው ለአጎቱ ሚስት ለማማ ኛኩማ ነው። ማማ ኛኩማ የባሮን አሳ ኢታንግ ገበያ ወስደው የሚሸጡ፣ ጠንካራ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ሴትዮ ናቸው። ቆመን «ማሌ» ተባባልን። «ማሌ» የኑዌር ሰላምታ ነው፤ ቃሉ አጭር ነው፣ ሰላምታው ግን አጭር አይደለም። የላሞቹ ጤና፣ የልጆቹ ጤና፣ የታመመው አጎት፣ ያልታመመው አጎት። ማማ ከነቅርጫታቸው ገቡ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ከፍየል ጋር። ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች። ቀጥሎ የሐጂ ሰይድ ወንድም ከስኳር ጆንያ ጋር፤ እሱ ከመንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀን የነበረው በቀጠሮ ነው። በዚያ አገር ዘመዱን ፀሐይ ላይ እየሄደ አይቶ የሚያልፍ ሰው ሰው አይባልም። ዘመድ ያልሆነውን አይቶ የሚያልፍም እንደዚያው ነው፤ ምክንያቱም ቆሞ ሰላም ካለው በኋላ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። እኔ ራሴም የማልከፍል ተሳፋሪ ነበርኩ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ትክክል አይሆንም።

ግማሽ መንገድ ላይ ከኋላ የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ዞር ስል ማማ ኛኩማ ትልቁን አሳቸውን ከብልቃጦቹ አጠገብ፣ በረዶው ላይ፣ እያስተኙት ነው።

«ማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቦታ አለ፤» አሉኝ። «ቀዝቃዛው ለምን ብቻውን ይሄዳል?»

ኢታንግ ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። ሂሳቡ ቀላል ነበር። መኪናዋ የሄደችበት ጊዜና የቆመችበት ጊዜ ሲነፃፀሩ የቆመችበት ይበልጣል። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ካርቡሬተር ይህን አያስተካክልም። ሲስተር አስናቀች ሳጥኑን ከፈቱ፣ አሳውን በጅራቱ ይዘው አወጡ፣ ጋትሉዋክን አዩ፣ መልሰው አስቀመጡት።  ጎግ በጣም ቀርቧል።

«ለምን አታልፋቸውም?» አልኩት ስንመለስ።

አንድ ጉድጓድ በጎን አለፈ። «አልፌ የት እደርሳለሁ፣ ጋሼ?» አለ። «ማታ የምመለሰው በዚሁ መንገድ ነው።»

ፍሬኑ በሳምንቱ ከመቱ ደረሰ። ከትልቅ መኪና የተፈታ፣ የፊት እግሮቿን በብረት ሳህን ጨብጦ የሚይዝ፣ ጋምቤላ ያልነበረ ዓይነት ፍሬን ነው። ማስትሮ ግርማይ ሲገጥም ዋለ፤ «አሥመራ እንኳ እንዲህ ያለ አልገጠምኩም» ብሎ አስረከበ። በማግሥቱ ጠዋት ከጋትሉዋክ ጋር ተሳፍረን ከከተማው ወጣን። የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ከሩቅ አየናቸው። ጋትሉዋክ ፍሬኑን ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። አዞዋ ምንም እንዳልሰማች ሄደች።

«ጋሼ፣» አለ በረጋ ድምፅ፣ «ፍሬን የለም።»

ነገሩ በኋላ ሲታይ ቀላል ነበር፤ በፍሬን ዘይቱ ቧንቧ ውስጥ አየር ቀርቷል፣ ማስትሮ በደስታ ብዛት አላስወጣውም። በዚያች ደቂቃ ግን ቀላል አልነበረም። ጋትሉዋክ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ በኑዌርኛ መጮኽ ጀመረ። ከጩኸቱ ውስጥ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ፍሬን»። ይህ ቃል በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ሰዎቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ከመንገዱ ዘለሉ። ማንም አልተቆጣም። እንዲያውም ከኋላችን እጃቸውን እያነሱ ሲመርቁን በመስታወት ይታየኛል።

«እንመለስ» አልኩት።

«ለመመለስም መቆም ያስፈልጋል፤» አለኝ። እውነቱን ነበር። ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ፣ ጉድጓዶቹን በጎን እያለፈ፣ መንገደኞቹን ሁሉ በጩኸት እየበተነ ኢታንግ ደረስን። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አሸዋው እስኪያስቆመን ድረስ ሁለት ጊዜ ዞርን። ሲስተር አስናቀች ከበሩ ወጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩን። ሳጥኑን ከፈቱ።

በረዶ ነበር። ማዕዘኑ እንኳ አልተነካም።

«ጋትሉዋክ፣» አሉ፣ «ለካ ስትፈልግ ትችላለህ!»

ማስትሮ በዚያው ዕለት አየሩን አስወጣ፤ ፍሬኑ አንድ እግሯን መሬት ላይ የተከለች ያህል የሚያቆም ሆነ። ጋትሉዋክ ከጋራዡ ሲወጣ አንዴ ረግጦ ሞከረው፣ ግንባሬ መስታወቱን ሊነካ ጥቂት ቀረው። ከዚያ መሪውን ይዞ ትንሽ አሰበ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ መሠራቱን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ አንተና ማስትሮ።»

«ይበቃል፤» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአካባቢው ምርጥ ፍሬን የነበራት መኪና ፍሬን የሌላት መኪና ሆነች። ጋትሉዋክ በየጠዋቱ እጁን በመስኮት እያወጣ «ፍሬን የለኝም!» እያለ ያልፋል፤ መንገደኛው እየዘለለ መንገድ ይለቃል፣ ይመርቀዋል። የማያቆም ሰው ክፉ ነው። ማቆም ያልቻለ ሰው ግን ታሞ እንደተኛ ሰው ነው፤ ይታዘንለታል። ሲስተር አስናቀች በየጠዋቱ በረዶ አገኙ፤ ጎግም አንድ ሰው ቢመደብ ሌላ ሰው እንደሚሆን አስነገሩ። እኔ የማየውን እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስለ ፍሬኑ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እውነቱን እነግረው ነበር። የጠየቀኝ የለም።

የዚህ ዓይነት ዘዴ ዕድሜው አጭር ነው። ወሬው መንገደኞቹ ዘንድ አልቆመም፤ ከገበያ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ቢሮ ሄደና የአውራጃው ኃላፊ ጓድ ታፈሰ ጆሮ ደረሰ። የሕዝብ መድኃኒት የጫነች፣ ፍሬን የሌላት ቀይ መኪና በየጠዋቱ ሕዝብ እየበተነች ትሄዳለች። ጓድ ታፈሰ ጋትሉዋክን አስጠሩት። በባሮ ድልድይ ቁልቁለት ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ መኪናዋ እንድትፈተን አዘዙ። ካልቆመች ትታሰራለች።

የጋትሉዋክን ጭንቀት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። መኪናዋ ባትቆም ትታሰራለች፤ ያለ መኪና በረዶ የለም፣ ያለ በረዶ ጎግ ነው። ብትቆም ደግሞ ውሸቱ በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ ነገ ጠዋት ያንን መንገድ ሁሉ እየቆመ ይሄዳል፣ ሲስተርም ሾርባቸውን ያገኛሉ። ጎግ በሁለቱም በኩል ነው። ኛሉዋክ ሆዷ ገፍቶ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ከዳር ቆማ ነበር።

ሕዝቡ ወጣ። ማማ ኛኩማም ቅርጫታቸውን ራሳቸው ላይ እንዳደረጉ ከፊት ቆሙ። ጓድ ታፈሰ ደፋር ሰው ናቸው ወይም እንደዚያ እንዲባሉ ይፈልጋሉ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገዱ መሐል፣ እጃቸውን አንስተው ቆሙ። አጃቢያቸው ግን ከዳር ነው የቆመው። አዞዋ ከላይ ተለቀቀች፣ አፈጠነች፣ ወረደች። ጋትሉዋክ የሚያደርገውን እስከ መጨረሻው አልወሰነም ነበር ብሎኛል። የጓዱን ፊት ሲያይ እግሩ ወሰነለት። መኪናዋ አፍንጫዋን ዘቅዝቃ፣ ምንም ሳትዋልል፣ ከጓድ ታፈሰ ጉልበት አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። እንደዚያ ያለ አቋቋም ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ጓድ ታፈሰ ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱ። ላባቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ፍሬን የላትም ያለው ማነው?» አሉ። ሕዝቡ ዝም አለ። «የአድኃሪያን አሉባልታ ነው!» ብለው ፋይሉን ዘጉ። ሁሉም አጨበጨበ። ማማ ኛኩማ አላጨበጨቡም፤ ጋትሉዋክን አንድ ጊዜ አይተውት ሄዱ።

«ነገ ምን ትላቸዋለህ?» አለችው ኛሉዋክ በዚያ ምሽት።

«ምን እላለሁ። እቆማለሁ።»

በማግሥቱ አብሬው ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች እንደ ድሮው ቆመዋል፤ ከፊታቸው ማማ ኛኩማ። ጋትሉዋክ ረገጠ፣ አዞዋ እግራቸው ሥር ቆመች። አቧራው ሰከነ። ጋትሉዋክ ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም። የማማ ኛኩማ አማርኛ ለደገኞች አሳ ሲሸጡ የተማሩት ነው፤ አጭር ነው፣ አያከራክርም። እኔ እንድሰማ መሰለኝ በአማርኛ ነው የጀመሩት።

«ለምን ቆምክ?»

«ግቢ፣ ማማ።»

«በረዶ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ሂድ። ይሄ መኪና ፍሬን የለውም።»

ጋትሉዋክ ቀና አለ። «ትናንት አይተሻል እኮ፣ ማማ። ሁሉም አይቷል።»

«ትናንት ድልድይ ጋ ነው። እዚህ የለውም።» ከኋላቸው ያሉት ሴቶች መሳቅ ጀመሩ። ማማ ግን አልሳቁም። «አንተ እኛ ዓይን የለንም ትላለህ? ጉድጓድ ሲመጣ ቀስ ይላል። ፍሬን የሌለው መኪና ጉድጓድ ይፈራል? መጀመሪያ ቀን ብቻ ነው ፍሬን ያልነበረው፤ ያን ቀን ፊትህ ነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ እያወቅን ነው የዘለልነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» አልኳቸው እኔ፤ መጠየቅ ልማዴ ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። «መርፌው ለማን ልጅ ነው? ለኔ ልጅ ልጅ ነው። እሱ ቆሞ እኛ ሳንገባ ብንቀር እሱ ያፍራል። እኛ ገብተን በረዶ ቢያልቅ እኛ እናፍራለን። ፍሬን ከሌለ ማንም አያፍርም።» መልሰው ጋትሉዋክን አዩት። «ስትመለስ ሳጥኑ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«እንግዲያው ስትመለስ ፍሬን አለው። አሁን ሂድ!» ብለው የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው መቱት፤ ሴቶቹም አዞዋ ገና ሳትነሳ ከመንገዱ ዘለሉ።

በዚያ ዓመት ጎግ የተመደበው ሌላ ሰው ነው። ኛሉዋክ ጋምቤላ ሆስፒታል ወለደች። አዞዋ ጠዋት ጠዋት ማንንም ሳትጭን ትከንፋለች። ከሰዓት በኋላ ከኢታንግ ስትመለስ ግን ስምንትና ዘጠኝ ሰው ከነፍየሉ ይጫንባታል፤ ከጭነት መኪናዋ የመጡት ሞላዎች የተሠሩበትን ሥራ ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ጓድ ታፈሰ ያረጋገጡት እውነት ነው፤ ማማ ኛኩማ የወሰኑትም ሲሠራበት አይቻለሁ። ሁለቱን ለማመሳከር በአንድ ቀን ውስጥ ሄዶ መመለስ ብቻ ይበቃል።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አዲስ የተመደበ መምህር፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ጠዋት በዚያው መንገድ ዳር ቆሞ አየሁት። አዞዋን ከሩቅ ሲያያት እጁን አነሳ፣ ወደ መሐል ገባ። አንዲት ሴትዮ በክርኑ ይዛ ከመንገዱ ሳበችው። አልፈነው ስንሄድ ድምፅዋ በመስኮት ተከተለን።

«አትልፋ፣ መምህር፤ እሱ ጠዋት አይቆምም። ከሰዓት በኋላ ከኢታንግ ስትመለስ ጠብቀው፤ ከዚያ ወዲያ አንተን ሳያሳፍር አያልፍም።»